መስኮት ቁጥር 443፦ ሰርቨር ላይ ፖርት መክፈት ለሚፈልግ ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር፣ የዘጌ ጀልባዎች ከሚነሱበት አጠገብ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ስልኬ ጠራ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው። ዘንድሮ ከፖሊ የተመረቀ፣ ሥራ የማይሰለቸው ልጅ ነው።

«እትዬ፣ ፖርቱን ከፍቼዋለሁ። ግን አልገባም አለኝ።»

«የት ጋ ነው የከፈትከው?» አልኩት።

«ሰርቨሩ ላይ ነው።»

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ፖርት ተከፈተ ለማለት ሦስት የተለያዩ ሰዎች እሺ ማለት አለባቸው። አንዱ እምቢ ካለ የሁለቱ እሺታ ምንም አይፈይድም። እሱ ያናገረው አንዱን ብቻ ነበር። ይህን በስልክ ማስረዳት አልተመቸኝም። ማታ ቤት ገብቼ የጻፍኩለትን ነው አሁን ሰፋ አድርጌ የማቀርበው።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ የጥቂት ትንንሽ ድርጅቶችን ሰርቨር እጠብቃለሁ። አንድ ሆቴል አለ፣ ሁለት ፋርማሲ አለ፣ ቱሪስት ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱ ባለጀልባዎች አሉ። ሁሉም የተከራዩት ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ትንሽ የክላውድ ሰርቨር ነው። ስለዚህ የምናገረው በዋናነት ስለ ኡቡንቱ ነው።

ወደብ ሳይሆን መስኮት

ፖርት የሚለውን ቃል «ወደብ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ወደብ ሲባል የሚታየን ወደ ጎርጎራ ጀልባ የሚነሳበት ቦታ ነው። ይህ ሥዕል ለኔ ብዙም አልረዳኝም። ነገሩ የገባኝ በቢሮ መስኮት ነው።

ጉዳይ ይዛችሁ ክፍለ ከተማ ወይም ባንክ ስትሄዱ «መስኮት 5 ሂዱ» ትባላላችሁ። ሕንፃው አንድ ነው፣ አድራሻውም አንድ ነው። መስኮቱ ግን ብዙ ነው። አንዱ ክፍያ ይቀበላል፣ አንዱ መታወቂያ ያድሳል፣ አንዱ ማኅተም ይመታል። የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ ሕንፃው ነው። ፖርቱ የመስኮቱ ቁጥር ነው። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ባለሙያ ደግሞ ፕሮግራሟ ናት፤ ድረ ገጽ የምታቀርበው፣ ዳታቤዝ የምትይዘው፣ ከርቀት የምታስገባው።

ቁልፉ ነገር ይህ ነው፦ መስኮት ብቻውን አገልግሎት አይሰጥም። ባለሙያ ያልተቀመጠችበትን መስኮት ብትከፍቱት ባዶ ወንበር ነው የምታዩት።

የመስኮቶቹ ቁጥር ከ0 እስከ 65535 ይሄዳል። ለቁጥሩ የተሰጠው ቦታ 16 ቢት ስለሆነ ከዚያ በላይ አይችልም። እስከ 1023 ያሉት ለታወቁ አገልግሎቶች የተያዙ ናቸው፤ ሊኑክስ ላይ እነዚህን ለመያዝ እንደ ደንቡ የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ያስፈልጋል። ከ1024 እስከ 49151 ያሉትን ፕሮግራም ሠሪዎች ያስመዘግቧቸዋል። የቀሩት ለጊዜያዊ አገልግሎት የተተዉ ናቸው። ሁሉንም በቃል መያዝ አያስፈልግም። 22 ከርቀት መግቢያው ኤስኤስኤች ነው። 80 ተራው ድረ ገጽ፣ 443 ደግሞ የተመሰጠረው ድረ ገጽ ነው። 53 የስም መፈለጊያው ዲኤንኤስ ነው። ከዳታቤዞቹ 3306 ማይኤስኪውኤል፣ 5432 ፖስትግሬስ፣ 6379 ሬዲስ ነው። የኔ የዕለት ሥራ ከእነዚህ ብዙም አይወጣም።

ስለ 22 አንድ የምወዳት ታሪክ አለች። ኤስኤስኤችን የሠራው የፊንላንዱ ታቱ ኢሎነን ነው። በ1995 እንደ ፈረንጆቹ ለፕሮግራሙ ቁጥር ሲፈልግ ያኔ ሰው ሁሉ የሚጠቀምባቸው የፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ 21 ላይ፣ የድሮው የርቀት መግቢያ ቴልኔት 23 ላይ ተቀምጠው ነበር። መሀላቸው 22 ባዶ ነበረች። ቁጥሮቹን ለሚያድለው አካል ኢሜይል ላከ፤ በማግስቱ ተፈቀደለት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የሰርቨር ሠራተኛ ሁሉ የሚገባባት ቁጥር የተገኘችው እንዲህ ነው።

ቲሲፒና ዩዲፒ የሚባሉ ሁለት ዓይነት አገልግሎቶች እንዳሉም ልብ በሉ። ቲሲፒ እያንዳንዱን ዕቃ አስፈርሞ የሚያስረክብ ነው። ዩዲፒ አድርሶ ይሄዳል፤ ፊርማ አይጠብቅም። 53 በቲሲፒና 53 በዩዲፒ ሁለት የተለያዩ መስኮቶች ናቸው። አንዱን ከፍታችሁ ሌላው ተከፈተ ማለት አይደለም።

ሦስቱ እሺ ባዮች

የመጀመሪያዋ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ባለሙያ ናት፤ ማለትም ፕሮግራሟ። ሁለተኛው የሕንፃው ጥበቃ ነው። ይህ ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ፋየርዎል ነው። ሦስተኛው የግቢው በር ላይ የቆመው ጥበቃ ነው። ይህ ሰርቨሩን ያከራያችሁ ድርጅት ከውጭ ያስቀመጠው ፋየርዎል ነው። ሰው ከውጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ሦስተኛውን ነው። እኔ ግን ስመረምር ሁልጊዜ ከውስጥ እጀምራለሁ። ባለሙያዋ ቦታዋ ላይ ከሌለች ጥበቃዎቹን መለመን ትርፉ ድካም ነው።

ከዚህ በታች ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። ተርሚናሉ ላይ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሾቹ ነው።

አንደኛ፦ ማን ተቀምጧል?

ሰርቨሩ ውስጥ ግቡና ይህን ጻፉ፦

ሱዶ ኤስኤስ -ቲዩኤልፒኤን

ሱዶ ትእዛዙን በሩት ሥልጣን አስኪድልኝ ማለት ነው። ከሰረዟ በኋላ ያሉት አምስት ፊደላት እያንዳንዳቸው ትርጉም አላቸው። ቲ ቲሲፒን አሳየኝ ነው። ዩ ዩዲፒንም ነው። ኤል የሚያዳምጡትን ብቻ ማለት ነው። ፒ የፕሮግራሙን ስም ንገረኝ ነው። ኤን ደግሞ ስም ሳትተረጉም ቁጥሩን ስጠኝ ነው።

የሚመጣላችሁ ዝርዝር መጀመሪያ ያስፈራል። ሁለት ነገር ብቻ ፈልጉ፤ አድራሻውንና የፕሮግራሙን ስም። የልጁ ሰርቨር ላይ ያየነውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

0.0.0.0:22 — ኤስኤስኤችዲ
0.0.0.0:80 — ኤንጂንኤክስ
127.0.0.1:3306 — ማይኤስኪውኤልዲ
127.0.0.1:3000 — ኖድ

ከሁለቱ ነጥቦች በስተቀኝ ያለው ፖርቱ ነው። በስተግራ ያለው ግን ከፖርቱ ይበልጥ ብዙ ይናገራል። 0.0.0.0 ማለት «ከየትም የመጣ ይስተናገዳል» ነው። 127.0.0.1 ማለት «የማስተናግደው የሕንፃውን ሠራተኞች ብቻ ነው» ማለት ነው። ባለሙያዋ አለች፣ ሥራ ላይ ናት፤ መስኮቷ ግን ወደ ኮሪደሩ እንጂ ወደ ውጭ አይከፈትም። እነዚህ ሁለት ነጥቦች በቅንፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተደርድረው [::] ካያችሁ እሱ የአዲሱ የአድራሻ ዓይነት፣ የአይፒ ቪ6፣ «ከየትም» ነው።

የልጁ ነገር ተገለጠ። የሱ ፕሮግራም ኖድ የሚለው ነው። 3000 ላይ ነው፤ ግን 127.0.0.1 ላይ። ፋየርዎሉ ላይ 3000ን ቢከፍት፣ የግቢውን በር ቢያፈርስ ማንም አይገባም።

«እንግዲህ ወደ 0.0.0.0 ልቀይረው?» አለኝ። አይደለም። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ውስጥ መቀመጡ ደግ ነገር ነው። ከፊቱ ድረ ገጽ አቅራቢው ፕሮግራም ኤንጂንኤክስ አለለት። እንግዳው 443 ላይ ይመጣል፤ ኤንጂንኤክስ ይቀበለዋል፤ ጥያቄውን ወደ ውስጥ 3000 ይዞ ይሄዳል፤ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ምስጠራውንም እሱ ይይዘዋል። የልጁ ጥያቄ «3000ን እንዴት ልክፈት?» ነበር። መልሱ «አትክፈተው፤ የሚያስፈልግህ 443 ነው» ሆነ። ፖርት ክፈችልኝ ከሚሉኝ ሰዎች ግማሾቹ ጋር የምደርስበት መልስ ይኸው ነው።

ወደ ውጭ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ሆናችሁ ፕሮግራሙን ጠይቁት፦

ከርል ኤችቲቲፒ://127.0.0.1:3000

መልስ ከሰጠ ባለሙያዋ ጤነኛ ናት። ካልሰጠ የፋየርዎል ጉዳይ ስላልሆነ ፕሮግራሙን አስተካክሉ።

ሁለተኛ፦ የሕንፃው ጥበቃ

ኡቡንቱ ላይ ጥበቃው ዩኤፍደብልዩ ይባላል። ሦስት ፊደላት ናቸው፤ ዩ፣ ኤፍ፣ ደብልዩ። አዲስ ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ ተጭኖ ግን ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የሚቀሰቀስበት ቅደም ተከተል በጣም ወሳኝ ነው። ለምን እንደሆነ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት፣ አንድ አርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ የሆቴሉ ሰርቨር ላይ ዩኤፍደብልዩን ቀሰቀስኩት። ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ የኤስኤስኤች ግንኙነት ሊቋረጥ ይችላል፣ ልቀጥል ወይ አለ። እሺ አልኩት። ምንም አልሆነም። መጻፍ እችላለሁ፣ ትእዛዝ ይቀበላል። ደህና ነው ብዬ ሌላ ሥራ ቀጠልኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። በስልኬ ዳታ ልመለስ ስል የሚመልስልኝ የለም። 22ን ሳልፈቅድ ነበር ጥበቃውን ያቆምኩት። ቀደም ሲል የገባሁበት ግንኙነት ስለተመዘገበ ዝም ብሎኝ ነበር። እንደ አዲስ ስመጣ ግን አያውቀኝም። ከአከራዩ ድረ ገጽ ላይ ባለው የድንገተኛ ኮንሶል በኩል እስክገባ ድረስ እኩለ ሌሊት አለፈ። ሆቴሉ ቅዳሜ የሚመጡ እንግዶች ነበሩት፤ የምዝገባ ገጹም ያን ሁሉ ሰዓት ተዘግቶ ቆየ። ያ ምሽት ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ሱዶ ዩኤፍደብልዩ ዲፎልት ዲናይ ኢንካሚንግ
ሱዶ ዩኤፍደብልዩ ዲፎልት አላው አውትጎይንግ
ሱዶ ዩኤፍደብልዩ አላው 22/ቲሲፒ
ሱዶ ዩኤፍደብልዩ አላው 80/ቲሲፒ
ሱዶ ዩኤፍደብልዩ አላው 443/ቲሲፒ
ሱዶ ዩኤፍደብልዩ ኢኔብል

የመጀመሪያው «ያልተፈቀደለት ሁሉ አይግባ» ነው። ሁለተኛው «ከውስጥ የሚወጣው ይውጣ» ነው። ከዚያ 22 ይፈቀዳል። መቀስቀሻው ኢኔብል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ከቀሰቀሳችሁ በኋላ የገባችሁበትን ተርሚናል አትዝጉት። ሌላ አዲስ ተርሚናል ከፍታችሁ እንደ አዲስ ግቡ። አዲሱ ከገባ ብቻ አሮጌውን ዝጉ። ይህን ልማድ ካደረጋችሁት የኔ አርብ አይደርስባችሁም።

ምስጠራ እያለ 80ን ለምን እንከፍታለን? ሁለት ምክንያት አለ። ሰው አድራሻውን ሳያሟላ ሲጽፍ መጀመሪያ 80ን የሚያንኳኳ ብሮውዘር አለ፤ ከዚያ ወደ 443 ይመራል። ደግሞ ለምስጠራው የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት በነፃ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የተለመደውን ማረጋገጫ የሚያደርገው በ80 በኩል ነው። 80ን ብትዘጉት ምስክር ወረቀቱ ሳይታደስ ቀርቶ ድረ ገጻችሁ አንድ ቀን ቀይ ማስጠንቀቂያ ለብሶ ይጠብቃችኋል።

የ22ን በር ለአንድ አይፒ አድራሻ ብቻ መፍቀድም ይቻላል። ቋሚ አድራሻ ያለው ቢሮ ካላችሁ አድርጉት። እንደኔ ግማሹን ሥራ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ግን አይሆንም። አድራሻው ይለዋወጣል፤ ዛሬ የፈቀዳችሁት ነገ የሌላ ሰው ነው። ያኔ የተቆለፈባችሁ እናንተ ናችሁ።

ሰርቨራችሁ እንደ ሮኪ ወይም አልማ ሊኑክስ ያለ ከሆነ ጥበቃው ፋየርዎልዲ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ ፈቃዱን ቋሚ ካላላችሁት ሰርቨሩ ሲነሳ ይረሳዋል፤ ቋሚ ካላችሁት ደግሞ ሪሎድ እስክታደርጉ፣ ማለትም ሕጎቹን እንደገና እስኪያነብ፣ አይሠራም።

ሦስተኛ፦ የግቢው በር

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ክላውድ አከራዮች ከሰርቨሩ ውጭ የራሳቸው ፋየርዎል አላቸው። የሚገኘው ተርሚናል ላይ ሳይሆን ሰርቨሩን በተከራያችሁበት ድረ ገጽ፣ ኔትወርክ ወይም ሴኩሪቲ በሚል ክፍል ውስጥ ነው። አንዳንዱ ሁሉን ክፍት አድርጎ ይሰጣችኋል፤ አንዳንዱ ከ22 በቀር ሁሉን ዘግቶ ይሰጣችኋል። ዩኤፍደብልዩ ላይ ምንም ብታደርጉ ያ በር ከተዘጋ እንግዳው ሕንፃው ጋ አይደርስም። ሁለቱም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ዝርዝር ይኑራችሁ።

ቤታችሁ ባለ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር ለማቆም ለምትሞክሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ራውተራችሁ ላይ ፖርት ፎርዋርድ ብታደርጉም፣ ማለትም ከውጭ የመጣውን ወደ ኮምፒውተራችሁ አሳልፍ ብትሉትም፣ ላይሠራ ይችላል። ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አድራሻ በሚጋራበት መስመር ላይ ከሆናችሁ ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ እናንተ ጋ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ሞባይል ዳታ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ራውተራችሁ የሚያሳያችሁ የውጭ አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ እዚያ ውስጥ ናችሁ። ራውተሩን ስትታገሉ አትደሩ፤ ትንሽ ክላውድ ሰርቨር ተከራዩ።

ስህተቱ ምን ይላል?

አሁን ከውጭ ሞክሩ። «ከውጭ» ስል ከምር ከውጭ ነው፤ ሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ ሰርቨሩን መሞከር የጥበቃዎቹን ነገር አያሳይም። እኔ ላፕቶፔን በስልኬ ዳታ አገናኝቼ እሞክራለሁ፦

ኤንሲ -ቪዜድ የሰርቨሩ-አድራሻ 443

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ፓወርሼል ውስጥ፦

ቴስት-ኔትኮኔክሽን የሰርቨሩ-አድራሻ -ፖርት 443

ፒንግ አድርጋችሁ «ይመልሳል፣ ስለዚህ ክፍት ነው» አትበሉ። ፒንግ ፖርት የሚባል ነገር አያውቅም። ሕንፃው መኖሩን እንጂ መስኮቱን አይነግራችሁም።

ካልተሳካ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። ሰው ሁለቱንም «አልሠራም» ብሎ ያልፋቸዋል። በመሀላቸው ግን ትልቅ ልዩነት አለ።

የመጀመሪያው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ነው። ወዲያው፣ በቅጽበት ይመጣል። ጥያቄያችሁ ሕንፃው ውስጥ ገብቷል፤ መስኮቱ ጋ ደርሷል፤ ወንበሩ ባዶ ስለሆነ «እዚህ ሰው የለም» ተብሎ ተመልሷል። ብዙውን ጊዜ ጥበቃዎቹ ጥፋት የለባቸውም። ተመልሳችሁ ፕሮግራሙን እዩ። ወድቋል፣ ወይም ሌላ ቁጥር ላይ ነው፣ ወይም እንደ ልጁ 127.0.0.1 ላይ ተቀምጧል።

ሁለተኛው «ታይምድ አውት» ነው። ይህ ያስጠብቃችኋል። አሥር ሴኮንድ፣ ሠላሳ ሴኮንድ፣ ከዚያም በላይ። ጥበቃው እናንተን አይቶ እሺም እምቢም ሳይል ዝም ሲል ነው። ዩኤፍደብልዩ ላይ ዲናይ ማለት ይህ ዝምታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ጥበቃዎች መርምሩ። አድራሻውን ተሳስታችሁም ከሆነ ይኸው ዝምታ ሊገጥማችሁ ይችላል።

ልጁን በስልክ «ወዲያው መለሰልህ ወይስ አስጠበቀህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አስጠበቀኝ» አለ። የግቢው በርም እንደተዘጋ ከዚያች አንዲት መልስ ገባኝ። ኖዱ ውስጥ መቀመጡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወዲያው «ሰው የለም» ይባል ነበር። ሁለት ችግር ነበረበት፤ አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ነበር።

መቼም የማይከፈቱ

ከአራት ዓመት በፊት የአንድ ደንበኛዬ የሒሳብ ሠራተኛ ለጥቂት ቀን ጎንደር ሄዶ ነበር። ደንበኛዬ ሠራተኛው ከዚያ ሆኖ ከዳታቤዙ ጋር ቢገናኝ ብሎ ለመነኝ። እኔም ማይኤስኪውኤልን ከ127.0.0.1 ወደ 0.0.0.0 ቀየርኩት፤ 3306ን ከፈትኩት። «ለሁለት ቀን ብቻ» አልኩ። ፓስዎርዱ የሱቁ ስምና 123 ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሠንጠረዦቹ ሁሉ የሉም። አንዲት አዲስ ሠንጠረዥ ብቻ ነበረች። ውስጧ ያለው መልእክት ቢትኮይን ላኩ ይላል።

አልላክንም። የእሑድ ቅጂ ነበረን። ከእሑድ ወዲህ ያለውን የአራት ቀን ሽያጭ ግን ከካርኒ ላይ እያነበብን፣ እኔና ሁለት ሠራተኞች ሁለት ምሽት ቁጭ ብለን እንደገና አስገባነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳታቤዝ ለዓለም ከፍቼ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያስፈልግ የኤስኤስኤች ዋሻ አለ። ላፕቶፓችሁ ላይ፦

ኤስኤስኤች -ኤል 3307:127.0.0.1:3306 ስም@የሰርቨሩ-አድራሻ

ኤል እዚህ ትልቁ ፊደል ነው። ከዚህ በኋላ በራሳችሁ ላፕቶፕ 3307 ላይ ስትገናኙ ነገሩ በ22 በኩል ተመስጥሮ ሄዶ፣ ሰርቨሩ ውስጥ ያለውን 3306 ያገኛል። ከውጭ የሚታይ አዲስ መስኮት የለም። ሬዲስንም ፖስትግሬስንም በዚህ መንገድ ነው የማገኛቸው።

ፕሮግራሞችን በየሣጥናቸው ለይቶ የሚያስኬደውን ዶከርን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጆሮ ስጡኝ። ዶከር አንድን ፖርት ወደ ውጭ ሲያወጣ የራሱን ሕግ በቀጥታ ሊኑክስ ውስጥ ይጽፋል፤ ዩኤፍደብልዩን አልፎ ይሄዳል። ዩኤፍደብልዩ ዝርዝሩ ላይ 3306 ሳይኖር 3306 ለዓለም ክፍት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዶከር ላይ ፖርቱን ስታወጡ 3306:3306 ብላችሁ አትጻፉ። 127.0.0.1:3306:3306 ብላችሁ ጻፉ።

«የኛን ትንሽ ሰርቨር ማን ይፈልገዋል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የባለጀልባዎቹን ሰርቨር ያቆምኩ ቀን ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስክሪኑን ያዩ ነበር። ሰርቨሩ ከተነሳ ገና ሰዓት አልሞላውም። የመግቢያ መዝገቡን ከፈትኩላቸው። መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ እየሮጡ ነው። ፌይልድ ፓስዎርድ ፎር ሩት። ፌይልድ ፓስዎርድ ፎር አድሚን። ፌይልድ ፓስዎርድ ፎር ኡቡንቱ። መልሶ ሩት። መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ምን ፈልጎ ነው?»

«ሰው አይደለም አባባ፤ ማሽን ነው። ቁልፍ እየሞከረ ነው።»

«የኛን ጀልባ ማን ነገረው?»

«ማንም አልነገረውም። የዓለሙን አድራሻ ሁሉ በቁጥር እያንኳኳ ነው የደረሰው።»

ይህ ማጋነን አይደለም። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜድማፕ የሚባል መሣሪያ ይዘው፣ አራት ቢሊዮን የሚጠጋውን የአይፒ ቪ4 አድራሻ ከአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ለአንድ ፖርት፣ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማዳረስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ትንሽ መሆን አይደብቅም። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ሳትነሺ ቆልፊው» አሉኝ። እዚያው እያሉ በፓስዎርድ መግባትን ዘጋሁት፤ በቁልፍ ፋይል ብቻ አደረግሁት። እናንተም 22ን ስትከፍቱ ይህን አድርጉ። የኤስኤስኤችን ቁጥር ከ22 ወደ ሌላ የሚቀይሩ አሉ። መዝገቡ ላይ ጫጫታው ይቀንሳል፤ ቁልፍን ግን አይተካም። እኔ አልቀይርም።

የተከፈተውን መዝጋት

መክፈቱን ሁሉም ያስታውሳል። መዝጋቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በወር አንዴ ይህን ጻፉ፦

ሱዶ ዩኤፍደብልዩ ስታተስ ነምበርድ

ፈቃዶቹ በተራ ቁጥር ተደርድረው ይመጣሉ። እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ መታየቱ አያደናግራችሁ፤ ሁለተኛው የአይፒ ቪ6 ነው። አንዱን አጥፍታችሁ ሌላውን ብትተዉ በሩ ገና ግማሹ ክፍት ነው። ማጥፊያው ሱዶ ዩኤፍደብልዩ ዲሊት ብሎ ተራ ቁጥሩን መጻፍ ነው። አንዱ ሲጠፋ ከሱ በታች ያሉት ቁጥራቸው አንድ አንድ ስለሚቀንስ ሁልጊዜ ከትልቁ ቁጥር ጀምሩ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁለተኛው ላይ የማይሆን ፈቃድ ታጠፋላችሁ፤ 22 ከሆነ ደግሞ የኔ አርብ መጣ ማለት ነው።

ቅዳሜ ማታ ከልጁ ጋር ሆነን ይህንኑ አደረግን። አከራዩ ጋ የግቢውን በር ለ443 ከፈትን፣ ኤንጂንኤክስ 443 ላይ ተቀምጦ ወደ 3000 እንዲያስተላልፍ አደረግን። ገጹ ስልኬ ላይ ተከፈተ። ከዚያ ዝርዝሩን አወጣ። 22 አለ፣ 80 አለ፣ 443 አለ። እሱ የከፈተው 3000 አለ። ከሱ በላይ ደግሞ 8080 ተቀምጧል።

«እትዬ፣ 8080 የእርስዎ ነው እንዴ?»

የኤስኤስን ትእዛዝ አስኪጄ አየሁት። 8080 ላይ የሚያዳምጥ ምንም የለም። አምና አንድ ነገር ለመሞከር የከፈትኩት ነው፤ ሳልዘጋው ዓመት ሊሞላው ነው።

«የኔ ነው። አጥፋው» አልኩት። ከታች ጀመረ።